የካፊያ ትንፋሽ

ያን ጊዜ ሸሚዝ የሚተኮሰው በሁለት ነገር ነበር፤ በጋለ ካውያና በሰው ትንፋሽ። ተኳሹ ከጣሳው አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዝና፣ ከንፈሩን አጥብቦ፣ ጨርቁ ላይ እፍ ይለዋል። ጥሩ ተኳሽ የነፋው ውሃ ሲያርፍ አይታይም፤ ጨርቁ ብቻ ቀዝቀዝ፣ ለስለስ ይላል። መጥፎ ተኳሽ የሚነፋው ግን ምራቁን ነው። እንዲህ ይሉ የነበሩት የላውንደሪው ባለቤት፣ የእትዬና የካፊያ አባት ናቸው።

አባትየው ሲደክሙ ቁልፉን ለሴት ልጃቸው፣ ካውያውን ለወንድ ልጃቸው ሰጡ። ሴቲቱን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ወንድሟን ካፊያ ያሉት ደግሞ ደንበኞቹ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአንዲት ጉንጭ ውሃ ሙሉ ሸሚዝ ያዳርስ ነበር፣ ከኮሌታው እስከ ጫፉ፣ ትንፋሹን ሳይቆርጥ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ያንን ውሃ ስታገኘው አየሩ ላይ ለአፍታ ቀለም ይሠራል። ልብሳቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ችኮላቸውን ረስተው ቆመው ያዩት ነበር። እትዬም ከምትተክለው ቁልፍ ቀና ትልና ታየዋለች፤ ታየዋለችና "ምን ያስገትርሃል፣ ቀጥል" ትለዋለች። ማሞገስ አይሆንላትም።

ታዲያ ያ ሁሉ ድሮ ቀረ። ካፊያ በሃያ ዓመቱ ሲጋራ ጀመረ። ማን አስጀመረህ ሲሉት በየጊዜው ሌላ ሰው ይጠራል፤ አብዬን ወደ እምዬ ማለት ልማዱ ነው። መጀመሪያ አሥር ሸሚዝ ሲጨርስ አንድ ያጨስ ነበር። ቀጥሎ አምስት ሲጨርስ። ኋላማ አንዱን ሸሚዝ ለመጀመር አንድ፣ ለመጨረስ አንድ ሆነ። አምሳ አንድ ዓመት ሲሞላው ጣቶቹ እንደ አሮጌ የቀንድ ማንኪያ ቢጫ ሆነው ነበር። ከጓሮው የውሃ በርሜል ወደ መተኮሻው ክፍል የሚያስገቡት ደረጃዎች አራት ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ይቆምና "ምን ነበር የፈለግሁት?" ይላል፣ የረሳ ለመምሰል። እትዬ ምን እንደፈለገ ታውቃለች። የፈለገው አየር ነው።

ያ ትንፋሹም አብሮ ሄደ። ውሃው እንደ ካፊያ መርገፉ ቀርቶ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ መሀል ላይ ሳል ይይዘውና የቀረው ጉንጭ በሙሉ አንድ ኪስ ላይ ይደፋል።

"ስምህን ለውጥ እንግዲህ" አለችው አንድ ቀን ከፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ፣ ሲጋራውን የምትሸጥለት እሷው ራሷ። "ካፊያ አይደለህም፤ የተቀደደ ባልዲ ነህ።"

"አንቺ ነሽ የቀደድሽኝ።"

"እኔማ ሸጥኩልህ እንጂ አልጋትኩህ።"

ነገሩ የፈነዳው በነጫጮቹ ኮቶች ነው። የላውንደሪው ትልቁ ደንበኛ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ነበር። የአስተናጋጆቹ ነጭ ኮት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ታጥቦ፣ አሚዶ ገብቶ፣ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ይመለሳል። አንድ ማክሰኞ የአስተናጋጆቹ አለቃ ራሱ አሥራ ሁለቱን ኮት ክንዱ ላይ አጋድሞ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ያስፈራል። አንዱን ኮት ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

"እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ።"

ደረቱ ላይ፣ ከቁልፎቹ ግራና ቀኝ፣ የጎመን ዘር የሚያክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ነበሩ።

"ከኩሽና ይሆናል፣ ጋሼ" አለች።

"ገና አልተለበሰም። እስቲ ያሽትቱት።"

አሸተተችው። ከአሚዶውና ከሳሙናው ሥር የወንድሟ አፍ ነበረበት።

"አስተናጋጄ ጎንበስ ብሎ ሾርባ ሲያቀርብ" አለ አለቃው፣ "እንግዳው መተርኮሻ የቀረበለት ነው የሚመስለው። ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ አዳራሻችን ይመረቃል። ሥልሳ ኮት ነው። ለእናንተ ብሰጥ ደስ ይለኛል፤ አባታችሁን አውቃቸው ነበር። ግን እንዲህ ከሆነ ለሌላ ነው የምሰጠው። የየሳምንቱም አብሮ ይሄዳል።"

ካፊያ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ሰምቷል። አለቃው ሲወጣ "የውሃው ዝገት ነው" አለ። "ቧንቧው አርጅቷል።"

"ቧንቧውስ አንተ ነህ" አለችው እትዬ።

በማግስቱ ከገበያ አንድ የፕላስቲክ መርጫ ገዝታ መጣች፤ ጠርሙስ ሆኖ አናቱን በጣት ሲጫኑት ውሃ የሚተፋ። ከመተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ምስማር መታችና ሰቀለችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ተተኪህ ነው። አያጨስም፣ አይስልም፣ መልስ አይሰጥም። እስከ ምርቃቱ አፍህ ከጠራ ጠረጴዛው ያንተ ነው። ካልጠራ አጣቢዋ ወደዚህ ትመጣለች፣ አንተ ጓሮ ገብተህ ታጥባለህ። እስከዚያው ነጭ ልብስ እንዳትነካ፤ እኔው በዚህ እተኩሰዋለሁ። ወንድሜ ነህ ብዬ የአባቴን ስም በትንባሆ አላጥንም።"

ካፊያ መርጫውን አንጋጦ አየው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ቆሟል። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፤ እሱ በጭሱ ነው ይላል፣ እትዬ ግን በወሬው ነው ትላለች። ልጅ አልወለደም። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚለው ያችን ጠረጴዛ ነበር፤ እሷም የእህቱ ናት።

"አቆማለሁ" አለ።

እትዬ ሳቀች። ይህን ቃል ሰባት ጊዜ ሰምታዋለች። ሲያገባ አቆምኩ ብሎ፣ ሙሽራዋ ቬሏን ሳታወልቅ ከቤቱ ኋላ ሲያጨስ ተገኘ። አባታቸው ሲሞቱ መቃብራቸው ላይ ምሎ፣ ከመቃብር ሲመለሱ "ለሐዘኑ" ብሎ ለኮሰ። አንዴ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ፓኮውን ጣራ ላይ ወረወረው፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ በነጋታው መሰላል ሲዋስ ተያዘ።

"ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" አለችው። "ሂድ አሁን ሱሪህን ተኩስ።"

በዚህኛው ጊዜ ግን ካፊያ አልማለም፣ ሰውም አልሰበሰበም። መንገዱን ተሻግሮ ፓኮውን ባለሱቋ ፊት አስቀመጠ።

"መልሺልኝ።"

"የተከፈተ አልመልስም።"

"እንግዲያው አንቺው አጭሺው።" በእሱ ፈንታ የናና ከረሜላ በከረጢት ገዛና ሁለት ኪሱን ሞላ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሰው የሚነገሩ አይደሉም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ በአጠገቡ አያልፍም። አንድ ሱሪ ላይ ሁለት መስመር አወጣና፣ ባለቤቱ ቢቆጣ "አንዱን መርጠህ ልበስ" አለው። ሆዱም እንደ ቂመኛ ሰው ዘጋው።

"ሲጋራው ነበር እንዴ ሽንት ቤት የሚወስድህ?" አለችው እትዬ።

"ነበር መሰለኝ።"

"ሌላውን ጥቅሙንም ንገረኛ፣ ሙሾ እናውርድለት።"

በሁለተኛው ሳምንት ይባስ ብሎ ሳሉ በረታ። ሲያጨስ ያልሳለውን ሳለ። ግድግዳውን ተደግፎ ይስላል፣ ጥቁር አክታ ይተፋል፣ "ሰውነቴ ለምዶት ነበር፤ መተዉ ነው የሚገድለኝ" ይላል። እትዬ ይህን ስትሰማ ስምንተኛው ምክንያት እየበሰለ መሆኑ ገባት። ያጨስ ዘንድ ሰበብ ከምትሰጠው ብላ እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የእትዬን የልጅ ልጅ ታክላለች። ደረቱን አዳመጠች።

"አባቴ፣ ካቆሙ ስንት ጊዜዎ ነው?"

"አሥራ አንድ ቀን።"

"አሥራ አንድ ነው ይላል" አለች እትዬ። "እኔ አጠገቡ አልተኛሁም።"

ሐኪሟ ወደ እትዬ ዞር ሳትል ቀጠለች። "የአየር ቧንቧችን ውስጥ እንደ መጥረጊያ የሚሠሩ ደቃቅ ጸጉሮች አሉ። ጭሱ አደንዝዟቸው ነበር፤ አሁን ነቅተው የቆየውን ሁሉ እየጠረጉ ነው። ሳሉ የጽዳት ሳል ነው። ጥቂት ሳምንት ይቆይና ይቀንሳል። ደም ካዩበት ወይም አልተው ካለዎት ተመልሰው ይምጡ። አምሮቱስ?"

"እሱማ አለ።"

"ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። እጅዎን ሥራ ያስይዙት፣ ያልፋል።"

"አምስት ደቂቃማ አንድ ሸሚዝ ነው" አለ ካፊያ፣ እንደ መጽናናት ብሎ።

መንገድ ላይ እትዬ ዝም አላለችም። "መጥረጊያ አለህ ተባልክ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሠላሳ ዓመት ጠራጊዎቹን አስተኝተህ ነዋ ደረትህን ቆሻሻ መጣያ ያደረግኸው። አሁን ገና ሥራ ሲጀምሩ አንተ ነህ የምታለቅሰው።"

ካፊያ መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተና ከረሜላ ከተተበት።

በሦስተኛው ሳምንት አፍንጫው ከሄደበት ተመለሰ። መጀመሪያ ሳሙናውን አሸተተ፤ ቀጥሎ የእርጥብ ሱፍን፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ደንበኛ ምን በልቶ እንደመጣ ይናገር ጀመር። አንድ ጠዋት ከበሩ ኋላ አንድ ቡናማ ኮት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ እትዬ መጣ።

"ይህን ከማን ነው የተቀበልሽው? እንዲህ ያለውን ከሌላው ልብስ ጋር አትስቀዪ እንጂ። ሰውየው ምድጃ ውስጥ ነው እንዴ የሚያድረው?"

እትዬ ኮቱን አየችው። እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ የካፊያን የቤት ቁልፍ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ካፊያ ኮቱን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

"እንዲህ ነበርኩ?"

"የለም" አለችው። "ኮቱስ ይሻል ነበር።"

ያን ቀን ኮቱን ራሱ ሦስት ውሃ አጠበው።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ጣመው። የሰሃኑን ጨርሶ ድስቱ ውስጥ ያያል። የሱሪው ቁልፍ አልደርስ ብሎት እትዬ ሁለት ጊዜ አዛወረችለት፤ መርፌውን እየሳበች "ጭሱን ትተህ ወንበሩን ልትበላው ነው" ትለዋለች። አንድ ቀንም በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ይዞ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ እያወራ፣ አራቱን ደረጃ ወጣ። ወሬውን አላቋረጠም። ሁለተኛው ደረጃ ላይም አልቆመም። እትዬ ይህን አይታለች። አይታ ግን ለራሷም አልነገረችም።

ምክንያቱም አላመነችውም። እሱ ሲወጣ በርሜሉን እየዞረች የሲጋራ ቁራጭ ትፈልጋለች። ሽርጡን ላጥብልህ ብላ ወስዳ ታሸታለች። ምንም አላገኘችም፤ አለማግኘቷም አላሳመናትም። "ብልጥ ሆኗል" አለች በልቧ። ሰው ሰባት ጊዜ ሲሞኝ በስምንተኛው ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ አስተማሪ መጥቶ "እትዬ፣ ጥቁሩን ሱሪዬን እናንተ ጋ ካስተኮስኩት ወዲህ ዝንብ ይከተለኛል" ቢላት፣ "ዝንብማ ሰው ይመርጣል" ብላ ሸኘችው።

ምርቃቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥልሳው ኮት መጣ። ታጥቦ፣ አሚዶ ገብቶ፣ ደርቆ በመስቀያ ተደረደረ። ካፊያ ካቆመ ሃምሳ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ይህን የሚቆጥረው እሱ ብቻ ነው።

"ሦስቱን ትተኩሳለህ" አለችው እትዬ። "አያለሁ። ከዚያ ወይ ሃምሳ ሰባቱን ትቀጥላለህ፣ ወይ ሽርጥህን ትፈታለህ።"

ካፊያ ከንጋት ጀምሮ እጁን ሲታጠብ ነበር። ፍርሃቱ ሲጋራ ሲጋራ አሰኘውና ሁለት ከረሜላ በአንዴ ጉንጩ ውስጥ ጨመረ። ከጣሳው ውሃ ያዘ። ነፋ። እትዬ ፊቷን ወደ መርፌዋ አድርጋ በጆሮዋ ነው የተከታተለችው፤ እፍታው ረጅም ነበር፣ ሳልም አልነበረውም። አንዱን ኮት ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የሚቃጠል ነገር የሸተታት።

ተነስታ ሄደች። ኮቱ ደረት ላይ፣ ከቁልፎቹ ግራና ቀኝ፣ ነጠብጣብ ነበር። ይኸኛው እንዲያውም ከቢጫ አልፎ ቡናማ ነው። የመጀመሪያውንም ኮት ገለበጠችው፤ እሱም ላይ አለ።

"መቼ አጨስክ?"

"አላጨስኩም፣ እትዬ።"

"ነጠብጣቡስ ምንድን ነው? ቧንቧው ነው?"

ካፊያ ኮቱን አየ፣ ካውያውን አየ፣ ጣሳውን አየ። "አላውቅም" አለ።

በዚያ ሁሉ ዓመት "አላውቅም" ሲል የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልብ ሳትለው አለፈች።

"አላውቅም ይላል። አባቴ ያስተማሩህን ትንፋሽ በልተህ ጨረስከው፣ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ይሆናል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ። ተወው። ካውያውን ወዲህ በል።"

ካውያውን ሰጣት። ሽርጡን ፈትቶ አራት ቦታ አጠፈው፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ እንደ ደንበኛ ልብስ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ወጣ። አጣቢዋ ከገንዳው ተነሳችለት።

እትዬ መርጫውን ከምስማሩ አወረደች። ግን ከመተኮስ በፊት ነጠብጣቡ በምን እንደሚለቅ ማወቅ አለባት። ለዚህ ደግሞ አባታቸው ያስተማሯት አንድ መንገድ ነበር፤ ያላወቁትን ነጠብጣብ በምላስ ጫፍ መንካት። ጨው ጨው ካለ ላብ ነው። ብረት ብረት ካለ ዝገት ነው። ከመረረ ትንባሆ ነው፣ እሱ በሎሚ ነው የሚለቀው። ምሬቱን እየጠበቀች፣ ፊቷን አስቀድማ አኮማትራ፣ ምላሷን አስነካች።

ጣፈጠ።

ሌላውን ነጠብጣብ ነካች። እሱም ጣፈጠ፤ ጣፍጦም ምላሷን ቀዝቀዝ አደረጋት፣ እንደ ናና።

ካውያው እጇ ላይ ሆኖ ቆመች። አስተማሪውና ዝንቦቹ ትዝ አሏት። ከጥቁር ሱሪ ላይ ስኳር ማን ያያል? ከዚያ በርሜሉን እየዞረች ያደረገችው ፍለጋ ትዝ አላት። ሃምሳ ሦስት ቀን እውነቱን ነግሯት፣ እሷ አንዷንም ቀን አላመነችለትም። ካውያውን በጎኑ አስቀመጠችና አራቱን ደረጃ ወረደች።

ካፊያ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ የትራስ ልብስ ያሻል። አንዱ ጉንጩ አብጧል።

"አፍህን ክፈት።"

"ለምን?"

"ክፈት አልኩህ። ዕድሜ ልኬን የሚወጣበትን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ውስጡን ልየው።"

ከፈተ። ምላሱ ላይ ተመጥጦ የሳሳ ነጭ ከረሜላ ተቀምጧል።

"አንተ ጅል፤ ይህን አፍህ ውስጥ ይዘህ ነው የምትነፋው?"

"ለአምሮቱ ነዋ። አንቺስ ስታዪኝ አልነበር" ብሎ ጀመረና፣ የትራሱን ልብስ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። "ስኳሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ስኳሩ ነው። ከአሚዶው ጋር አርገህ በካውያ ጠበስከው። ሆቴሉን በሙሉ ብስኩት ልታለብሰው ነበር።"

ካፊያ ሳቀ። ድሮ ሳቁ ሁልጊዜ ሳል ላይ ነበር የሚያልቀው። ያን ቀን ግን ሳቁ ሳቅ ሆኖ ጀመረ፣ ሳቅ ሆኖም አለቀ። አጣቢዋ ዞር ብላ አየችው። እትዬ አልሳቀችም፤ ውሃ ቀድታ ጣሳውን አቀበለችው።

"ተጉመጥመጥ። ድገም። አሁንም ድገም። አባቴ ከመቃብር ሆነው እያዩህ ነው።"

ኮቶቹን ሞቅ ባለ ውሃ ብትነክራቸው ነጠብጣቡ ሳያስቸግር ሟሟ። እሱ ሽርጡን ዘርግቶ ታጠቀ። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መርፌዋን አነሳች፣ ግን ክር አላስገባችም። ካፊያ ሦስተኛውን ኮት ዘረጋ፣ ንጹሕ ውሃ ያዘ፣ ከንፈሩን አጠበበ።

ውሃው ሲያርፍ አልታየም። ከኮሌታው ተነስቶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን አዳርሶ ጫፉ ላይ ደረሰ፤ ትንፋሹም ገና ነበረው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ነበርና አየሩ ላይ ያ የድሮው ቀለም ለአፍታ ቆመ፤ እትዬ ካየችው ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗታል። ቁልፍ ስትተክል የቆየች ይመስል ጭኗ ላይ ያለውን ልብስ ዳሰሰችው። ካፊያም ውጤቱን ለማየት ቆሞ ነበር።

"ምን ያስገትርሃል" አለችው። "ቀጥል። ሃምሳ ዘጠኝ ይቀራል።"

በማግስቱ የአስተናጋጆቹ አለቃ መጣ። የመጀመሪያውን ኮት አሸተተ፣ የመሃሉን አሸተተ፣ የመጨረሻውን አሸተተ። "እንግዲህ እንደ ሁልጊዜው ማክሰኞ እንልካለን፣ እትዬ" ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

ካፊያን ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅም። ብቻ በሥራ ሰዓት ኪስህን አራግፍ ብላ ከረሜላውን በሙሉ ወረሰችው፣ ለአምሮቱም ጣሳ ሙሉ ውሃ አስቀመጠችለት። ከዚያ መርጫውን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና ለባለሱቋ ሰጠቻት።

"አበባሽን አጠጪበት።"

"ለካፊያ አይደል እንዴ የገዛሽው?" አለች ባለሱቋ። "በውነት አቆመ? ይዘልቅበታል?"

"እኔ ምን አውቄ። ሳምንትም አይቆይ" አለች እትዬ። ይህን እያለች ከወንድሟ ኪስ የወረሰችውን አንዱን የናና ከረሜላ ልጣ አፏ ውስጥ ጣለችው። እሷ እንደሁ በአፏ አትነፋም።